የክላስተር ሪሶርስ ማስነሻና ማቆሚያ ስክሪፕት እንዴት ይዘጋጃል?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ሁለት ሰርቨር፣ አንድ የጋራ ዲስክና አንድ የክፍያ አፕሊኬሽን ያለው ክላስተር ነበረን፤ ክላስተር ማለት አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሥራውን እንዲረከብ የተያያዙ ሰርቨሮች ናቸው። ክላስተሩ አፕሊኬሽኑን ከአንደኛው ሰርቨር ወደ ሁለተኛው አዛውሮታል። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ነገር ደህና ይላል። ደንበኞች የከፈሉት ግን አይታይም። ፋይሎች ይጠፋሉ። የዲስኩ ሎግ በስህተት መልእክት ተሞልቷል።

እስኪነጋ ስንቆፍር ምክንያቱን አገኘነው። የማቆሚያው ስክሪፕት አፕሊኬሽኑን «ቁም» ይለዋል፤ ከዚያ ሳይጠብቅ ዲስኩን አንማውንት ለማድረግ፣ ማለትም ከሰርቨሩ ለማላቀቅ፣ ይሞክራል። አፕሊኬሽኑ ገና ፋይሎቹን አልዘጋም ነበር። ስለዚህ ዲስኩ አልለቅም አለ። የስክሪፕቱ የመጨረሻ መስመር ደግሞ «አቁሜያለሁ» ብላ ሎግ ላይ የምትጽፍ አንዲት የኤኮ ትዕዛዝ ነበረች። ኤኮዋ ተሳካላት፤ ስክሪፕቱም የእሷን ውጤት ይዞ 0 መለሰ። በሼል ቋንቋ 0 ማለት «ተሳክቷል» ነው። ክላስተሩ አመነ። ያንኑ ዲስክ ሁለተኛው ሰርቨር ላይ ማውንት አደረገው። ኢኤክስቲ4 በአንድ ጊዜ ሁለት ማሽን እንዲጽፍበት የተሠራ ፋይል ሲስተም አይደለም። ሁለቱም ጻፉበት፤ ተበላሸ።

ከባክአፕ መልሰን ሥራው ቀጠለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እነዚህን ስክሪፕቶች የማይበት ዓይን ተለወጠ። ክላስተሩ ስለ አፕሊኬሽናችሁ የሚያውቀው ስክሪፕቱ የነገረውን ብቻ ነው። ስክሪፕቱ ከዋሸ ክላስተሩ ውሸቱን ይዞ በሰከንዶች ውስጥ ይወስናል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው እውነቱን የሚናገር ስክሪፕት እንዴት እንደሚሠራ ነው።

በቅድሚያ፣ ማን ምን ይሠራል?

ምሳሌዬ ሊኑክስ ላይ ያለ ክላስተር ነው። ኮሮሲንክ ኖዶቹ (ክላስተሩ ውስጥ ያሉት ሰርቨሮች) እርስ በርስ እንዲገናኙና ማን በሕይወት እንዳለ እንዲያውቁ ያደርጋል። ፔስሜከር ደግሞ ምን የት ይነሳ፣ ምን ይቁም የሚለውን ይወስናል። በሬድ ሃት፣ በሱሴ፣ በዴቢያንና በኡቡንቱ የምታገኙት እነዚህን ነው። ሌላ ክላስተር ብትጠቀሙ የትዕዛዞቹ ስም ይለያል እንጂ አካሄዱ ይቀራረባል።

ክላስተሩ የሚቆጣጠረው ማንኛውም ነገር ሪሶርስ ይባላል። ከኖድ ወደ ኖድ የሚዛወረው አይፒ አንድ ሪሶርስ ነው። ዲስኩ አንድ ነው። አፕሊኬሽኑም አንድ። ፔስሜከር ራሱ ዲስክ ማውንት ማድረግም ሆነ የጃቫ ፕሮግራም ማስነሳት አያውቅም። ለእያንዳንዱ ሪሶርስ አንድ ስክሪፕት ይጠራል፤ ይህ ስክሪፕት ሪሶርስ ኤጀንት ይባላል። ሲጠራው አንዲት ቃል ይሰጠዋል፤ «ስታርት»፣ «ስቶፕ» ወይም «ሞኒተር»። ስክሪፕቱ ሥራውን ሠርቶ አንድ ቁጥር ይመልሳል።

ይህን ስክሪፕት በሦስት መንገድ ማቅረብ ይቻላል። አንዱ የሲስተምዲ ሰርቪስ ነው፤ ሲስተምዲ ሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን የሚያስነሳና የሚያቆም ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ኤልኤስቢ የሚባለው የድሮው የኢኒት ስክሪፕት ነው። ሦስተኛው ለክላስተር ተብሎ የተዘጋጀው ኦሲኤፍ ነው።

ምርጫው ላይ ሐሳቤ ይህ ነው። ዝግጁ ኤጀንት ካለ የራሳችሁን አትጻፉ። ለአይፒ፣ ለፋይል ሲስተም፣ ለፖስትግሬስ፣ ለአፓቺ በብዙ ሰው እጅ የተፈተኑ ኤጀንቶች ከነምንጫቸው አሉ። አፕሊኬሽናችሁ በደንብ የተሠራ የሲስተምዲ ሰርቪስ ካለውና ፕሮሰሱ (በመሥራት ላይ ያለው ፕሮግራም) መኖሩን ማወቅ ብቻ ከበቃችሁ እሱን ተጠቀሙ። ኤልኤስቢን ከተቻለ ተዉት። በእሱ ደንብ የቆመ ሰርቪስ «ስታተስ» ሲጠየቅ 3 መመለስ አለበት፤ ሆኖም 0 የሚመልሱ ብዙ የድሮ ስክሪፕቶች አሉ። ክላስተሩ ያኔ የሌለውን አለ ብሎ ያስባል። «ፕሮሰሱ አለ፣ ግን መልስ ይሰጣል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ካስፈለጋችሁ ኦሲኤፍ ጻፉ። ከዚህ በኋላ የማወራው ስለ እሱ ነው።

ኮድ ከመንካታችሁ በፊት ሰዓት ያዙ

አፕሊኬሽኑን ያለ ክላስተር በእጃችሁ አስነሱት። ትዕዛዙን ከሰጣችሁበት ጀምሮ የመጀመሪያውን ጥያቄ በትክክል እስኪመልስ ስንት ሰከንድ ፈጀ? ጻፉት። ቀጥሎ ሥራ በዝቶበት ሳለ አቁሙትና ፕሮሰሱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ቁጠሩ። ጠዋት ላይ በ3 ሰከንድ የሚቆም አፕሊኬሽን የወር መጨረሻ ላይ ያልተጻፈ ዳታ ተከማችቶበት ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊወስድ ይችላል። መያዝ ያለባችሁ ትልቁን ቁጥር ነው።

በዚያው ወረቀት ላይ በየትኛው ዩዘር እንደሚሠራ፣ የትኛውን ፖርት እንደሚከፍት፣ የትኞቹን ፋይሎች እንደሚይዝ፣ ልጅ ፕሮሰሶች ይወልድ እንደሆነ ጻፉ። በኋላ ስቶፕን ስትጽፉ ይህ ዝርዝር ያስፈልጋችኋል።

ሌላም አለ። ሰርቨሩ ሲነሳ አፕሊኬሽኑ በራሱ እንዳይነሳ በሁለቱም ኖድ ላይ ሰርቪሱን ዲስኤብል አድርጉ። የጋራው ዲስክም፣ ሰርቨሩ ሲነሳ የሚያያዙ ዲስኮች በሚዘረዘሩበት በኤፍኤስታብ ፋይል ውስጥ፣ በራሱ ማውንት እንዲሆን ተደርጎ እንዳይገኝ። ይህ ከተረሳ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁለቱም ሰርቨሮች እኩል ይነሱና ዲስኩን እኩል ይይዙታል። ክላስተሩ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ጉዳቱ ደርሷል ማለት ነው።

ሞኒተርን መጀመሪያ ጻፉ

ብዙ ሰው ከስታርት ይጀምራል። እኔ ሞኒተርን አስቀድማለሁ፤ ስታርትም ስቶፕም የሚደገፉት በእሱ ላይ ነው። በደንብ ማወቅ የሚያስፈልጉት ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። 0 ማለት በትክክል እየሠራ ነው። 7 ማለት በንጹህ ቆሟል። 1 ማለት ችግር አለ። 5 ማለት ፕሮግራሙ እዚህ ኖድ ላይ አልተጫነም፤ 6 ደግሞ ኮንፊገሬሽኑ የተሳሳተ ነው።

የ7 እና የ1 ልዩነት ነው ብዙዎችን የሚያደናቅፈው። ፔስሜከር ሪሶርሱን የትም ከማስነሳቱ በፊት በየኖዱ እየዞረ «አንተ ጋ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የሌለበት ኖድ 7 ማለት አለበት። 1 ካለ ክላስተሩ «እዚያ ተበላሽቶ የቀረ ነገር አለ» ብሎ ለማቆም ይሄዳል። በስህተት 0 ካለ ደግሞ በሁለት ቦታ እየሠራ መስሎት፣ ሌላ ካልተነገረው በስተቀር፣ ሁለቱንም አቁሞ በአንድ ቦታ እንደገና ያስነሳል። ደህና የነበረው ሥራ ያለ ምክንያት ተቋረጠ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የተለመደ ወጥመድ አለ። ፕሮግራሙ ወይም የኮንፊግ ፋይሉ ያለው በጋራው ዲስክ ላይ ነው እንበል። ዲስኩ ባልተያያዘበት ኖድ ላይ ስክሪፕቱ ፋይሉን ያጣዋል። «ፕሮግራሙ የለም» ብሎ 5 ቢመልስ ኖዱ ለዚህ ሪሶርስ አይሆንም ተብሎ ይገለላል፤ አደጋ በመጣ ቀን መሄጃ የለም። ስለዚህ ፋይሉ ሲጠፋ በሞኒተር ጊዜ መልሱ 7 ይሁን፤ ፕሮሰሱ እዚያ ኖድ ላይ አለመኖሩን አረጋግጣችሁ።

ፕሮሰሱን እንዴት እናገኘዋለን? የተለመደው የፕሮሰሱን ቁጥር ፋይል ላይ ማስቀመጥ ነው። ችግሩ ሰርቨሩ ድንገት ጠፍቶ ሲነሳ ያ ቁጥር ለሌላ ፕሮሰስ ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ መኖሩን ብቻ አትዩ። በፕሮክ ማውጫ ሥር ገብታችሁ ያ ቁጥር በእርግጥ የእናንተ ፕሮግራም መሆኑን ከትዕዛዝ መስመሩ አረጋግጡ። ፋይሉንም ሰርቨሩ ሲነሳ ባዶ በሚሆነው የራን ማውጫ ውስጥ አስቀምጡት።

ሞኒተሩን በሁለት ፈንክሽን ክፈሉት። አንዱ «ፕሮሰሱ አለ?» ይላል። ሌላው «ይመልሳል?» ይላል። ፕሮሰሱ ከሌለ 7። አለ ግን አይመልስም ከሆነ 1። ሁለቱም ከተሟሉ 0።

የ«ይመልሳል?» ጥያቄ ቀላል ይሁን። ከባድ የዳታቤዝ ጥያቄ የሚጠይቅ ሞኒተር ሥራ በሚበዛበት ቀን ራሱ ይዘገያል፤ ክላስተሩም በደህና እየሠራ ያለውን ሰርቪስ ይገድለዋል። ከእናንተ ውጭ ያለን ነገርም አትጠይቁ። ለምሳሌ የሌላ ድርጅት ሊንክ ሲቋረጥ ሞኒተሩ 1 ቢመልስ አፕሊኬሽኑ ከኖድ ወደ ኖድ ይንከራተታል እንጂ ሊንኩ አይመለስም።

ስቶፕ፣ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ

ስታርት ቢሳሳት አገልግሎት ይቋረጣል። ስቶፕ ቢሳሳት ዳታ ይጠፋል። የስቶፕ ግዴታዎች ሦስት ናቸው። ቀድሞ የቆመን ነገር አቁም ሲባል 0 ይመልሳል፤ ቆሟልና። በእርግጥ ሳይቆም 0 አይመልስም። ማቆም ካልቻለ አልቻልኩም ይላል።

ሐሳቡን በአማርኛ ብጽፈው ይህን ይመስላል፦

ፕሮሰሱ አለ? ከሌለ 0 መልስና ውጣ።
ተርም ሲግናል («ሥራህን ጨርሰህ ቁም» የሚል መልእክት) ላክ።
ከተሰጠህ ጊዜ ላይ 15 ሰከንድ ቀንስ። እስከዚያ ድረስ በየሰከንዱ «ፕሮሰሱ አለ?» ብለህ ጠይቅ።
ከጠፋ የቁጥር ፋይሉን ሰርዝ፤ 0 መልስና ውጣ።
ካልጠፋ ኪል ሲግናል (ፕሮሰሱን ሳይጠይቅ የሚገድል) ላክ፤ ለልጆቹም ጭምር።
እንደገና በየሰከንዱ ጠይቅ። ከጠፋ 0 መልስ።
አሁንም ካለ ምን እንዳየህ ሎግ ላይ ጻፍ፤ 1 መልስ።

«ከተሰጠህ ጊዜ» ያልኩት በግምት የሚሞላ አይደለም። ፔስሜከር ለዚህ ሥራ ስንት ጊዜ እንደፈቀደ ለስክሪፕቱ በአንድ ቫሪያብል ይነግረዋል። የቫሪያብሉ ስም «ኦሲኤፍ ሬስኪ» ብሎ ይጀምርና «ሲአርኤም ሜታ ታይምአውት» ብሎ ይጨርሳል። ቁጥሩ በሚሊሰከንድ ስለሆነ ለ1000 አካፍሉት። በዚህ መንገድ ከሠራችሁ ነገ ታይምአውቱን (የተፈቀደውን ጊዜ) ስትቀይሩ ስክሪፕቱን መንካት አያስፈልጋችሁም።

እዚህ የምትጠቀሙት «ፕሮሰሱ አለ?» የሚለውን ፈንክሽን ብቻ ነው። ብዙ አፕሊኬሽኖች ቁም ሲባሉ መጀመሪያ ፖርታቸውን ይዘጋሉ፤ ፋይል መጻፋቸውን ግን ይቀጥላሉ። «አይመልስም» የሚለውን «ቆሟል» ብላችሁ ከወሰዳችሁት ያ የእኛ ሌሊት ይደገማል።

ስቶፕ በትንሽ ነገር ላይ ብቻ ይደገፍ። የኮንፊግ ፋይል ስላጣ፣ ሎግ ማውጫው ስለሞላ፣ ዲኤንኤስ ስላልመለሰ ማቆም የሚያቅተው ስክሪፕት በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይከዳችኋል። ፕሮሰሱን ለማግኘትና ሲግናል ለመላክ ከሚያስፈልገው በላይ አትጨምሩበት።

ኪልን ፈርተው የሚተዉ አሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ፖስትግሬስን የመሰለ ዳታቤዝ በኪል ቢሞት ሲነሳ የጻፈውን መዝገብ እያነበበ ራሱን ያስተካክላል፤ መነሻው ይረዝማል እንጂ የጸደቀ ዳታ አይጠፋም። የእናንተ አፕሊኬሽን እንዲህ ይችል እንደሆነ አስቀድማችሁ ፈትኑ። ካልቻለ ለተርም የሚሰጠውን ጊዜ አርዝሙ፤ ኪልን ግን አትሰርዙ።

ዲስክ እየጠበቀ በሲስተሙ ውስጥ የተቸነከረ ፕሮሰስ ግን በኪልም አይሞትም። ያኔ ስቶፕ 1 ይመልሳል፤ ክላስተሩም ፌንሲንግ ያደርጋል። የኖዱን ኃይል ቆርጦ ይጥለዋል። ይህን አይተው የሚደነግጡና «ሰርቨራችንን እንዳያጠፋብን» ብለው የስክሪፕቱ መጨረሻ ላይ 0 የሚጽፉ ባለሙያዎች አጋጥመውኛል። ከልቤ እለምናችኋለሁ፣ አታድርጉት። ፌንሲንግ ሁለት ማሽን አንድ ዲስክ ላይ እንዳይጽፍ የሚከለክል የመጨረሻው መከላከያ ነው። ፌንሲንግ በሌለበት ክላስተር ደግሞ ስቶፕ ሲወድቅ ሪሶርሱ ባለበት ታግዶ ሰው ይጠብቃል፤ የትም አይሄድም።

የእኛ ስክሪፕት ሌላም ጥፋት ነበረበት። አፕሊኬሽኑንና ዲስኩን አንድ ላይ ይዞ ነበር። አንድ ሪሶርስ አንድ ኤጀንት ይኑረው። ዲስኩን ለዝግጁው የፋይልሲስተም ኤጀንት ስጡት፤ አንማውንት አልሆን ሲል ምን እንደሚደረግ እሱ ያውቃል።

ስታርት

ይህ አጭር ነው። ቀድሞ እየሠራ ከሆነ 0 መልሱ። ካልሆነ አስነሱና ሞኒተሩ 0 እስኪል በየሰከንዱ እየጠየቃችሁ ጠብቁ። ፕሮሰሱን ወደ ኋላ ለቃችሁ ወዲያው 0 ከመለሳችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ሞኒተር ገና ያልተዘጋጀ አፕሊኬሽን ያገኝና «ወድቋል» ይላል። በዚህ መጠበቂያ ውስጥ የራሳችሁን የጊዜ ገደብ አታስገቡ፤ ጊዜው ሲያልፍ ፔስሜከር ራሱ ስክሪፕቱን ያቋርጠዋል። የአፕሊኬሽኑን ውጤት ወደ ሎግ ፋይል አዙሩት፤ ከስክሪፕቱ ተላቅቆ ይሥራ።

ለማስነሳት እንዲመች ብላችሁ የሎክ ፋይል አትሰርዙ። ሎኩ ሌላ ሰው ዲስኩን እየተጠቀመ መሆኑን የሚነግራችሁ ብቸኛ ምልክት ሊሆን ይችላል። መነሳት ካልቻለ ከነምክንያቱ 1 ይመለስ። በነባሪው አሠራር ስታርት አንድ ጊዜ ከወደቀ ፔስሜከር ያን ኖድ ትቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። ችግሩን ካስተካከላችሁ በኋላ «ሪሶርስ ክሊንአፕ» ካላደረጋችሁ ወደዚያ ኖድ አይመለስም። ይህን ባለማወቅ ሰዓታት የሚያባክን ሰው ብዙ ነው።

ፋይሉ የት ይቀመጥ?

ቦታው ዩኤስአር፣ ከዚያ ሊብ፣ ከዚያ ኦሲኤፍ፣ ከዚያ «ሪሶርስ ነጥብ ዲ» በሚለው ማውጫ ሥር ነው። እዚያ በድርጅታችሁ ስም አዲስ ማውጫ ክፈቱ። «ሃርትቢት» በሚባለው ማውጫ ውስጥ አታስገቡት፤ እሱ ከፓኬጁ ጋር የሚመጡት ኤጀንቶች ቤት ነው። ባለቤቱ ሩት ይሁን፤ ፈቃዱ 755፣ ማለትም ሁሉም ያነበዋል፣ ያስኬደዋል፤ የሚቀይረው ግን ሩት ብቻ ነው።

ኤጀንቱ «ሜታ-ዳታ» ሲባል ራሱን በኤክስኤምኤል መግለጽ አለበት፤ ምን ፓራሜትር እንደሚቀበል፣ የትኞቹን ትዕዛዞች እንደሚያውቅ። ይህን ከባዶ መጻፍ አድካሚ ስለሆነ «ደሚ» የሚባለውን የናሙና ኤጀንት ገልብጣችሁ ጀምሩ። ለዚሁ ተብሎ የተቀመጠ ነው።

ፋይሉ በሁለቱም ኖዶች ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። አንዱን አስተካክሎ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው። ይዘታቸው አንድ መሆኑን በሚያሳየው በኤስኤችኤ256 ድምር አወዳድሯቸው። ከዚያም ኦሲኤፍ-ቴስተር በሚባለው መሣሪያ አስፈትኑት፤ ሁለት ጊዜ ማስነሳት፣ ሁለት ጊዜ ማቆም የመሳሰሉትን ሞክሮ የጎደለውን ይነግራችኋል።

ክላስተሩ ውስጥ ማስገባት

ክላስተሩን በምናስተዳድርበት በፒሲኤስ መሣሪያ «ሪሶርስ ክሪኤት» ብላችሁ ስትፈጥሩት ለሦስቱም ሥራዎች ታይምአውት ስጡ። ካልሰጣችሁና ኤጀንቱም ካልነገረ የፔስሜከር ነባሪ 20 ሰከንድ ነው፤ ለብዙ አፕሊኬሽን አይበቃም። ያን ወረቀት አውጡ። መነሻው 45 ሰከንድ ከፈጀ 120 ስጡ። ማቆሚያው በሥራ ብዛት ጊዜ 70 ከወሰደ 150 ስጡ። ሞኒተሩ በየ30 ሰከንዱ ይሁን። ረጅም ታይምአውት ጤነኛውን ቀን አያዘገይም፤ አፕሊኬሽኑ በ5 ሰከንድ ከቆመ ክላስተሩ በ5 ሰከንድ ይቀጥላል።

ቀጥሎ ሪሶርሶቹን በግሩፕ እሰሩ። ግሩፕ ውስጥ ያሉት በአንድ ኖድ ላይ አብረው ይሆናሉ፤ በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይነሳሉ፤ በተቃራኒው ይቆማሉ። ዲስኩ መጀመሪያ ይምጣ። አይፒው ከአፕሊኬሽኑ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ? አፕሊኬሽኑ ያንን አይፒ ብቻ የሚያዳምጥ ከሆነ በፊት መምጣቱ ግድ ነው። ሁሉንም አድራሻ የሚያዳምጥ ከሆነ ግን አይፒውን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ደንበኛው የሚደርሰው አፕሊኬሽኑ ከተዘጋጀ በኋላ ይሆናል። ሲቆምም አይፒው ቀድሞ ስለሚወርድ አዲስ ጥያቄ እየገባ ማቆሚያውን አያጓትተውም።

ስቲኪነስ የሚባለውንም ከዜሮ በላይ አድርጉት። የወደቀው ኖድ ሲመለስ ሪሶርሱ ያለ ምክንያት ተመልሶ እንዳይዛወር ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ዲስኩ በአይኤስሲኤስአይ በኔትወርክ የሚመጣና ሲስተምዲ የሚያስነሳው ከሆነ፣ ሰርቨሩ ሲዘጋ ሲስተምዲ ፔስሜከር ሳይጨርስ ያን ግንኙነት ሊቆርጠው ይችላል። ዲስኩ ከሥሩ ተነቅሎ ስቶፕ ይወድቃል። መፍትሔው «ሪሶርስ-ኤጀንትስ-ዴፕስ» ለሚባለው የሲስተምዲ ታርጌት ያን ሰርቪስ ቅድመ ሁኔታ አድርጎ መመዝገብ ነው። ያኔ ፔስሜከር ከመነሳቱ በፊት ይነሳል፤ ፔስሜከር ቆሞ ከጨረሰ በኋላ ይቆማል።

መብራት ሲሄድ

ፌንሲንጉን ብዙዎች በአይፒኤምአይ ብቻ ያዘጋጃሉ። አይፒኤምአይ ሰርቨሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ኮምፒውተር ናት፤ ኃይል የምታገኘውም ከዚያው ሰርቨር ነው። የአንዱ ሰርቨር ኃይል ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥ እሷም ትጠፋለች። ሁለተኛው ኖድ «ጠፍተሃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ የለም። ማረጋገጫ ስላጣ አገልግሎቱን አያስነሳም። ክላስተሩ ትክክል ነው፤ የጎደለው ሁለተኛ መንገድ ነው። በሌላ የኃይል መስመር ላይ ያለና በኔትወርክ የሚታዘዝ ፒዲዩ (የኃይል ማከፋፈያ) በሁለተኛ ደረጃ ጨምሩ፤ ወይም በጋራ ዲስክና በዋችዶግ (ሰርቨሩ ሲደነዝዝ እንደገና በሚያስነሳው ሰዓት ቆጣሪ) የሚሠራውን ኤስቢዲ ተጠቀሙ። እንደ አዲስ አበባ መብራት በሚመላለስበት ቦታ ይህ ቅንጦት አይደለም።

ዩፒኤሱ እያለቀ ጄኔሬተሩ ካልተነሳስ? ሁለቱንም ሰርቨሮች ለየብቻ ሹትዳውን ካላችኋቸው፣ አንደኛው ሲዘጋ ሪሶርሶቹን ወደ ሁለተኛው ይልካል፤ ሁለተኛውም እየተዘጋ ነው። የባትሪው ደቂቃ ለማይረባ ዝውውር ያልቃል። መጀመሪያ «ስቶፕ-ኦል-ሪሶርስስ» የሚባለውን የክላስተር ፕሮፐርቲ «ትሩ» አድርጉ። ሁሉም በየቦታው ይቆማል። ሲጨርስ ክላስተሩን በሁለቱም ኖድ ዝጉ፤ ከዚያ ማሽኖቹን። ይህን የዩፒኤሱ ሶፍትዌር እንዲጠራው በአንዲት ትንሽ ስክሪፕት ማስገባት ይቻላል። መብራት ሲመጣ ፕሮፐርቲውን ወደ «ፎልስ» መመለስ አትርሱ፤ ካልመለሳችሁ ምንም አይነሳም።

ባለሁለት ኖድ ክላስተር ከሙሉ መጥፋት በኋላ ሲነሳ ደግሞ ኮሮሲንክ ሁለቱንም ኖዶች አንድ ጊዜ ሳያይ ሥራ አይጀምርም። «ዌይት ፎር ኦል» ይባላል። አንዱ ሰርቨር ካልተነሳ ሌላው ቆሞ ሲጠብቅ ብታገኙት ብልሽት እንዳይመስላችሁ።

ፈትኑት፣ ሥራ ሳይጀምር

ፕሮሰሱን በኪል ግደሉት። የክላስተሩን ሁኔታ በሚያሳየው በሲአርኤም-ሞን እያያችሁ ክላስተሩ አግኝቶ እንደገና ማስነሳቱን ተከታተሉ። ሥራ እየበዛበት ሳለ ኖዱን ስታንድባይ (ሪሶርስ የማይቀበል ተጠባባቂ) አድርጉና ዝውውሩን በሰዓት ለኩ፤ መልሳችሁም አዛውሩ።

ከሁሉም የምወደው ፈተና ፕሮሰሱን በ«ስቶፕ» ሲግናል (ከኤጀንቱ ስቶፕ ትዕዛዝ የተለየ ነው) ማደንዘዝ ነው። ፕሮሰሱ አለ፤ አይሠራም። ሞኒተሩ ይህን ካልያዘ ጥልቀት የለውም። የደነዘዘ ፕሮሰስ ተርምንም አይሰማም፤ ስለዚህ የስቶፕ ስክሪፕታችሁ ተርም ልኮ፣ ጠብቆ፣ ወደ ኪል መሄዱን እዚህ ላይ ታያላችሁ። በሌላ ጊዜ ያ የኮድ ክፍል ሳይነካ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል።

ቀጥሎ ለሙከራ ስቶፕ 1 እንዲመልስ አድርጉና ፌንሲንግ በእርግጥ እንደሚሠራ እዩ። በመጨረሻም የኃይል ገመዱን ንቀሉ። የፔስሜከር ሎግ በቫር ሥር ሎግ ማውጫ ውስጥ ነው፤ ከእያንዳንዱ ፈተና በኋላ አንብቡት። ስክሪፕታችሁ የጻፈው መልእክት ለማያውቀው ሰው የማይገባ ከሆነ አስተካክሉት። ሌሊት የሚያነበው ሌላ ባልደረባ ሊሆን ይችላል።

ሥራ ላይ ያለን ኤጀንት ማሻሻል ካስፈለገ ክላስተሩን ሜይንተናንስ ሞድ ውስጥ አስገቡ። አፕሊኬሽኑ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ክላስተሩ እጁን ይሰበስባል። አዲሱን ፋይል በሁለቱም ኖድ ላይ አስቀምጡ፤ ድምራቸውን አወዳድሩ። ከዚያ ሞኒተሩን በሁለቱም ላይ በእጃችሁ ጥሩት። አፕሊኬሽኑ ባለበት ኖድ 0፣ በሌለበት 7 መምጣት አለበት። ሌላ ቁጥር ካያችሁ የድሮውን ፋይል መልሱ። ሁለቱ ቁጥሮች ትክክል ከሆኑ ሜይንተናንስ ሞዱን አጥፉ፤ ለጥቂት ደቂቃም ከሲአርኤም-ሞን ፊት አትነሱ።